ሳይቱ ተዘግቶ የቀረ ውሻ፦ የተጣለ ትልቅ ውሻ እንዴት ይነሣል፣ ለማንስ ይሰጣል?

ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ትንሽ ቁርስ ቤት አለኝ። ደንበኞቼ አናጺዎች፣ ፌሮ ሠራተኞችና ሲሚንቶ ተሸካሚዎች ናቸው። አንድ ሕንፃ ሲያልቅ እነሱ ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳሉ፤ የቆርቆሮው አጥር ይነቀላል፣ መጋዘኑ ይፈርሳል፣ ሚክሰሩ በአይሱዙ ይጫናል። ውሻው ይቀራል። ባለፉት ስምንት ዓመታት እንዲህ ከቀሩት ውስጥ ስድስቱን አንሥቻለሁ። አምስቱን ለሰው ሰጠሁ፤ አንዷ እኔው ዘንድ አርጅታ ሞተች። ከሰጠኋቸው አንዱን ለማይገባው ሰው ነው የሰጠሁት፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «እንዴት ያዝሽው?» እያለ ነው። መያዙስ ትዕግሥት ነው። የሚከብደው መስጠቱ ነው። የሐበሻ ቡችላ ለመስጠት ሰው ትለምናላችሁ፤ ጀርመን ሼፐርድ ወይም ሮትዋይለር ይዛችሁ እንደሆነ ግን በማግሥቱ በራችሁን የሚያንኳኳው ብዙ ነው። ከሚያንኳኳው አብዛኛው ደግሞ ውሻውን ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው የሚያዛውር ነው። ስለዚህ ከምጽፈው ብዙው ስለ ሰው ቢሆን አይግረማችሁ።

መጀመሪያ የማን እንደሆነ ጠይቁ

የመጨረሻው ውሻ ጀርመን ሼፐርድ ነው፤ ሻምበል ይባላል። ስሙን ያወጡለት የሳይቱ ጥበቃዎች ናቸው፤ ሌሊት ግቢውን ሲዞር እንደ አዛዥ ስለሚራመድ። ሳይቱ ግንቦት ላይ ተዘጋ። በሩ ራሱ ተነቅሎ ሄዶ ሁለት የብረት ምሶሶ ብቻ ቀረ። ሻምበል በሁለቱ ምሶሶዎች መካከል፣ ልክ በሩ እንዳለ አድርጎ፣ ተኝቶ መንገዱን ያያል። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ይነሣል፤ ጆሮውን ያቆማል፤ መኪናው ሲርቅ መልሶ ይተኛል። ሲኖትራክ ሲያልፍ ግን አይነሣም። የሞተሩን ድምፅ ይለያል።

መንገድ ላይ ያለ ውሻ ሁሉ የተጣለ አይደለም። ቀን ሲዞር ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ አለ፤ ሰንሰለት በጥሶ የጠፋ አለ። ቢያንስ ሦስት ቀን ተመልከቱ፤ ማታ የት እንደሚያድር እዩ፤ ጥበቃዎችን፣ ሊስትሮዎችን፣ ቆሎ የምትሸጠዋን ጠይቁ። እኔ የፎርማኑን ስልክ ከቀድሞ ደንበኞቼ አገኘሁ። «እትዬ፣ ከፈለጉ ይውሰዱት፤ አዲሱ ሳይት ላይ የምናኖርበት የለንም» አለኝ። «ይህንኑ ጽፈህ ላክልኝ» አልኩት፤ ላከ። መልእክቱን እስካሁን አላጠፋሁትም። ውሻው አጥንቱ በሚቆጠርበት ጊዜ ባለቤት የለውም፤ ጠግቦ ጠጉሩ ሲያበራ ግን ባለቤት ይወጣለታል። በሁለተኛው ውሻዬ ደርሶብኛል፤ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰው ገመድ ይዞ መጣ።

በእነዚያ ሦስት ቀናት ሌላም የምታዩት ነገር አለ። አፉ ሳያቋርጥ ለሃጩን የሚያዝረበርብ፣ አገጩ የወደቀ፣ ውኃ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የጎረነነ፣ የሚንገዳገድ ወይም እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ ከሆነ አትቅረቡት፤ ልጆችን አርቁ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። እዚህ ላይ ደግነት አይሠራም።

አሥራ አንድ ቀን በጀሪካን ላይ

ከምግቡ ይልቅ ሰዓቱን አስለምዱት። እኔ ቤቴን የምዘጋው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፤ በየቀኑ በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ሄድኩ። ሣህኑን ሩቅ አስቀምጬ፣ የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ጎኔን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ፊት ለፊት መቆም፣ ዓይን ዓይኑን ማየት፣ ከላይ ሆኖ እጅን ወደ ራሱ መዘርጋት ለማያውቃችሁ ውሻ ጠብ ነው። እጄ ሥራ እንዲፈታ ስላልወደድኩ የነገ ምስሬን በሰፌድ ይዤ እየሄድኩ ጠጠር እለቅም ነበር። መንደርተኛው አበደች አለ። በየቀኑ ሣህኑን አንድ አንድ እርምጃ ወደ ራሴ አቀረብኩ። በዘጠነኛው ቀን ከኋላዬ መጥቶ ሰፌዱን አሸተተ፤ ምስር መሆኑን ሲያውቅ አስነጥሶ ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ትከሻዬን አሸተተ፤ ያን ጊዜ በጀርባዬ የያዝኩትን ገመድ በቀስታ አገባሁለት።

ልጆቹን አስቀድማችሁ ያዟቸው። አንድ «ክላ!» እና አንድ ድንጋይ የሳምንት ሥራችሁን ያፈርሳል። እኔ ለሦስቱ ዋና ድንጋይ ወርዋሪዎች ጠዋት ጠዋት በነፃ ብስኩት እየሰጠሁ የሻምበል ጠባቂዎች አድርጌ ሾምኳቸው። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን የሚገሥጹት እነሱ ሆኑ።

ስጠጋው ነው አንገቱን ያየሁት። ፌሮ በሚታሰርበት ጥቁር ሽቦ አስረውት ኖሮ፣ ሽቦው ተበጥሶ ዙሪያው ቀርቷል፤ ቆዳው ግማሹን ውጦታል፤ ጠጉሩ በመግል ተጣብቋል፤ ሽታው ከአንድ ክንድ ርቀት ይመጣል። ፒንሳ ቤቴ ነበረኝ። አልሞከርኩም፤ እናንተም አትሞክሩ። የሚያመውን ሲነኩበት የማይነክስ ውሻ የለም፤ ሽቦው ከሥሩ ምን እንደያዘም አታውቁም። የሐኪም ሥራ ነው።

ለመንገዱ አፉን ማሰር ያስፈልጋል። ሁለት ክንድ ተኩል የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ውሰዱ፤ እኔ የአሮጌ ነጠላ ጠርዝ ቀደድኩ። መሐሉ ላይ ላላ ያለ ቀለበት ሠርታችሁ ከጎኑ ቆማችሁ በአፍንጫው ላይ አግቡና ከላይ አጥብቁ፤ ሁለቱን ጫፎች ከአገጩ ሥር አሻግራችሁ አንዴ ቋጥሩ፤ ከዚያ ከጆሮዎቹ ኋላ ወስዳችሁ አንዱን ጫፍ ሲስቡት በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ፣ ይህ መኪና ላይ ሲወጣና ሐኪሙ ሲነካው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለሚያስታውክና መተንፈስ ለሚቸገር ውሻ ጨርሶ አይደረግም።

ታክሲ አይጭነውም፤ ባጃጅም አይበቃውም። ጎመን አራግፎ ባዶውን የሚመለስ ፒክአፕ አገኘሁ። ከእኛ ሰፈር ለፈጣን መንገዱ ቅርብ ስለሆንን ወደ መሐል ከተማ ከመግባት ቢሾፍቱ ይቀለናል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለውም እዚያ ነው። ሻምበል አደንዝዘውት ሽቦው ወጣ። ሲመዘን 24 ኪሎ ሆነ፤ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ነው የሚመዝነው። ጥርሱን አይተው ከአራት እስከ አምስት ዓመት ገመቱት። የእብድ ውሻ ክትባት ተከተበ፣ የሆድ ትል መድኃኒት ወሰደ፣ መዥገሩ ተለቀመ። ክትባቱ በቅጡ እንዲይዝ አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፤ በየዓመቱም ይደገማል። ወረቀቱን አስቀምጡ፤ ለሚወስደው ሰው ትሰጡታላችሁ። ከብት ያለው ጎረቤት «ለላሟ የገዛሁት መርፌ ተርፎኛል» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ። በተለይ አይቨርሜክቲን የሚባለው መጠኑ ሲሳሳትና በአንዳንድ ዝርያ ላይ ይገድላል።

ቢነክሳችሁስ? ሦስተኛው ውሻዬ ነክሶኛል። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሙሉ 15 ደቂቃ ታጠቡ፤ ሰዓት ይዛችሁ፤ ሲታጠቡት ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጠል አትለጥፉበት። ጸበል የሚያምን ጸበሉን ይጠጣ፤ የእብድ ውሻ መርፌውን ግን አያስቀር። የእኔ ዕድሜ ሰው «ፓስተር» ሲባል ሆድ ላይ የሚወጋው መርፌ ትዝ እያለው ይሸሻል፤ እኔ የተወጋሁት ክንዴ ላይ ነው፤ ከጉንፋን መርፌ አይብስም። የነከሰው ውሻ አይገደል፤ ለብቻው ተዘግቶ 10 ቀን ይታይ። እስከዚያ ደህና ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታው በምራቁ አልነበረም ማለት ነው። እናንተ ግን ሕክምናውን ለመጀመር አሥሩን ቀን አትጠብቁ።

ግቢ ከገባ በኋላ

የተራበን ውሻ በአንድ ጊዜ አታጥግቡ። ትንሽ ትንሹን በቀን አራት ጊዜ፣ ከሳምንት በኋላ ሁለት ጊዜ። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ደረቱ ጥልቅ የሆነ ትልቅ ውሻ በአንዴ ብዙ በልቶ ሲሮጥ ሆዱ በንፋስ ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፣ ሊያስታውክ እየታገለ ምንም ካልወጣው ነገ እናያለን አይባልም፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

እኔ የምቀቅልለት ከሥጋ ቤት የሚገኝ ቅንጥብጣቢና ሳንባ፣ የገብስ ቅንጬ፣ አንዳንዴ ካሮት ነው። ሰው ፉርሽካ በአጥንት ውኃ በጥብጦ ይሰጣል፤ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ሳንባና ጉበት ጥሬውን አትስጡ። በበግና በከብት ሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ ፊኛ ከኮሶ ወገን የሆነ የውሻ ትል እጭ ነው፤ ውሻው ጥሬውን ሲበላ በአንጀቱ ይራባል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ በእጅና በሰላጣ ወደ ልጆቻችሁ ጉበት ይደርሳል። በደንብ ይቀቀል። ሁለተኛው የእኛ ቤት ጣጣ ሽንኩርት ነው። የተረፈ ወጥና ፍርፍር ለውሻ መድፋት ልማዳችን ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን የውሻን ደም ይጎዳል፤ ቢበስልም ያው ነው። ቁርስ ቤት ያላት ሴት ይህን ስትናገር ይከብዳታል፤ በየቀኑ አንድ ባልዲ ፍርፍር ይተርፈኛል።

ውሻ የምታነሡት ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ከሆነ አስቀድማችሁ አስቡ። 55 ቀን ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ቤት ይዘጋል። እኔ ከቅበላ በፊት ቅንጥብጣቢ ቀቅዬ በፌስታል እየቋጠርኩ የጎረቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ እንቁላል በቅንጬ።

ማታ አታስሩት። በእኛ በኩል ጅብ ይገባል፤ የታሰረ ውሻ መሸሽም መታገልም አይችልም። ከፓሌት ጣውላ በር ያለው ቤት ሠራሁለት፤ ወለሉን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ፣ ለክረምቱ ጎርፍ። የቀኝ ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው፤ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን ከነካው ከሶላት በፊት ልብሱን ማጠብ አለባቸው። ስለዚህ ቤቱን በግራ በኩል አደረግኩት፤ የማጠብበትም ውኃ ወደ እሳቸው እንዳይወርድ ቦይ ቆፈርኩ። ሳልነግራቸው አልጀመርኩም። እሳቸውም ቢሆኑ በሦስተኛው ሳምንት «ዛሬ ሻምበል አልጮኸም፤ ደህና ነው?» ብለው በአጥር ጠየቁኝ።

ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ቢያንስ ስድስት ሳምንት ያዙት። የመጀመሪያው ሳምንት ውሻ የእውነተኛ ጠባዩ ውሻ አይደለም፤ ወይ ፈርቶ ዝም ይላል፣ ወይ ፈርቶ ይጮኻል። ማስታወሻ ያዙ። በእኔ ደብተር ላይ ስለ ሻምበል የተጻፈው፦ ዱላ የያዘ ሰው ሲያይ ይሽቆጠቆጣል፤ ብረት ሲወድቅ ሽንቱ ያመልጠዋል፤ ዶሮ አይነካም፤ ድመት ያሳድዳል፤ ሕፃን ሲያለቅስ ሄዶ ይተኛል፤ ሲበላ ቢጠጉት ያጉረመርማል። ለመጨረሻው ሣህኑን መንጠቅ ያባብሰዋል። እኔ ሲበላ እያለፍኩ የተሻለ ቁራሽ እጥልለት ነበር፤ በወሩ ስጠጋ ጭራውን መወዝወዝ ጀመረ።

እና አኮላሹት። ሰፈሩ ሁሉ «እንዲህ ያለ ዘር ታጠፊያለሽ!» አለኝ። አዎ። በየሳይቱ የቀሩት ስድስቱም ዘራቸው ያማረ ነበር። ማኮላሸት ደግሞ ፈላጊዎቹን እንደ ወንፊት ያበጥርላችኋል፤ ቀጥሎ ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ

አሁን የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ውሻዬን፣ ነብሮ የሚባል ትልቅ ክልስ ሮትዋይለር፣ በሦስተኛው ቀን ነው የሰጠሁት። ደክሞኝ ነበር፤ ጾምም እየገባ ነበር። የመጣው ሰው ትሑት ነው፤ የግቢው በር የተቀባ፣ ግንቡ የአበባ ሐረግ ያለበሰው ነው። በሩን አይቼ ውስጡን ሳልጠይቅ ተመለስኩ። በሦስት ሳምንቱ ስሄድ ነብሮ በአንድ ክንድ ሰንሰለት ከጄኔሬተር ጋር ታስሯል፤ የውኃ ሣህኑ ተገልብጦ አፉ ከማይደርስበት ቦታ ወድቋል። ላስመልሰው ገንዘብ ይዤ በሳምንቱ ስመለስ ተሸጧል። ለማን እንደሆነ አልነገሩኝም።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት አንድ ዘዴ አለኝ፤ ፈላጊው ሲደውል ዝም ብዬ የመጀመሪያውን ጥያቄውን እጠብቃለሁ። ለሻምበል አራት ሰው ደወለ። አንዱ የመጋዘን ባለቤት «ይነክሳል ወይ?» አለ፤ አይነክስም ስለው ቅር አለው። ሁለተኛው ወጣት «ለማዳቀል ይሆናል?» አለ፤ ተኮላሽቷል ስለው ስልኩን ዘጋው። ሦስተኛዋ ደግ ሴት ነበረች፤ «ልጆቼ ይወዱታል ወይ?» አለች፤ ግን አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ትውላለች። ለእሷ ማዘኔ አልቀረም፤ እምቢ አልኳት። አራተኛው ዱከም አካባቢ ችግኝ የሚያፈሉ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው። «ምን ይፈራል?» አሉኝ።

ግን በጥያቄም ብቻ አልሰጥም። ሳልነግራቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሌላ ውሻ ካላቸው አንገቱን እዩ፤ ጠጉሩ ዙሪያውን ካለቀ ሰንሰለት ላይ ይውላል ማለት ነው። የውኃ ዕቃውን እዩ፤ አረንጓዴ ከያዘ ማንም አይቀይርለትም። «ከዚህ በፊት ውሻ ነበርዎት? ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለት ዓመት አንዱን መኪና ገጨው፣ አንዱ መርዝ በላ፣ አንዱ ጠፋ ካሉ አራተኛውን አትስጡ። ሚስትየዋንም ለብቻ ጠይቁ፤ የሚያበላው ባልየው አይደለምና። የዱከሟ እናት «እኔ ውሻ ቤት ውስጥ አላስገባም፤ በረንዳ ላይ ግን ይተኛ» አሉኝ። ይህ መልስ ከመቶ መሐላ ይሻለኛል።

ውል አጻፍኩ። አይሸጥም፤ ቀን በሰንሰለት አይውልም፤ በየዓመቱ ይከተባል፤ ካልቻሉ ለእኔ ይመለሳል። እሳቸው፣ እኔ፣ ከእድራቸው ሁለት ምስክር ፈረምን። ፍርድ ቤት ልሄድበት አስቤ አይደለም፤ ሰው በእድርተኛው ፊት በፈረመው ነገር ያፍራል። ገንዘብ አልቀበልም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ክትባት ግን አስቀድመው እንዲከፍሉ አደርጋለሁ፤ ያን ለመክፈል የሚያቅማማ ሰው ምግቡንም ያቅማማል።

ርክክቡ በአንድ ቀን አይሆንም። ሁለት ጊዜ እኔ ቤት መጥተው አበሉት፤ አንድ ጊዜ ዱከም ወስጄው አብሬ ውዬ መለስኩት። በአራተኛው ሲሄድ የሚተኛበትን ጆንያ ሳላጥብ ይዤ ሄድኩ፤ ሽታው ነው ቤቱ። ምግቡም በአንዴ እንዳይለወጥ የሳምንት ቅንጬ ሰጠኋቸው። የአንገቱ ቀበቶ ላይ ስልካቸውና ስልኬ ተጽፏል፤ ለሁለት ሳምንት አጥር ውስጥም ሳይቀር በረጅም ገመድ ብቻ እንዲያንቀሳቅሱት አስጠነቀቅኩ። አራተኛዋን ውሻዬን በሁለተኛው ቀን ፈትተዋት፣ በሦስተኛው ሌሊት ዋናውን መንገድ አቋርጣ መዳፎቿ እየደሙ በሬ ላይ ተገኝታለች። መኪና ያልበላት በተአምር ነው።

የመጀመሪያው ወር አትሂዱ፤ ደውሉ። ቶሎ ከታያችሁት እንደገና መጠበቅ ይጀምራል። እኔ የሄድኩት በሁለተኛው ወር፣ ዝናብ በጣለበት ቀን፣ ጃንጥላ ይዤ ነው። በሩ ጋ ስደርስ ሻምበል ከችግኞቹ መሐል ተነሥቶ በሙሉ ድምፁ ጮኸብኝ። ጃንጥላውን እንደ ዱላ አይቶት ይሆናል፤ ግን አልተሽቆጠቆጠም። ሽማግሌው አፍረው ሊቆጡት ሲሉ «ተዉት» አልኩ። ጃንጥላውን አጥፌ ጎኔን ሰጥቼ በሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ አሸተተኝ፤ አወቀኝ፤ ከዚያ ተመልሶ በረንዳው ላይ ተኛ። በመንገዱ አይሱዙ ሲያልፍ ጆሮውን አንሥቶ ነበር፤ ራሱን አላነሣም። አሁን በወር አንዴ እደውላለሁ፤ የክትባቱ ቀን ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ሁለቴ።